መጽሐፍ ሁሉ መጽሐፍ ነው? እንግዲያው ጫማም ሁሉ ጫማ ነው!

«መጽሐፍ መጽሐፍ ነው፤ ልጁ ያንብብ እንጂ ምን ያማርጣል?» አልክ። ሰማችሁልኝ? ጫማም ጫማ ነው ወንድሜ! እስቲ 43 ቁጥር ጫማህን ለኬጂ ሁለት ልጅህ አጥልቅለትና ትምህርት ቤት ላከው። እየጎተተ ይሄዳል። ንባብ የሚጎተትበት ልጅም እንደዚያው ነው፤ በሰው ልክ የተሰፋ አጥልቀህለታል።

ደግሞኮ መጽሐፍ መራጭ ኮሚቴ ውስጥ ነህ! መራጭ ተብሎ ተመርጦ «ምን ያማርጣል» የሚል ሰው ካንተ በቀር አላየሁም። ጎመን ስትገዛ ቅጠሉን እየገለበጥክ ነው። ቲማቲም ስትገዛ አንድ በአንድ ትጨብጣለህ፣ ባለጉሊቷ እስክትቆጣህ ድረስ። ለልጅ መጽሐፍ ሲሆን ግን «ሁለት መደርደሪያ የሚሞላ ስጡኝ» ትላለህ። መደርደር ታውቃለህ፤ መደራደር አታውቅም። ሻጩም የከረመበትን ሁሉ አራገፈብህ።

«ገንዘብ የለንማ! በእርዳታ የመጣውን ነው የደረደርነው።» ልግስናው የእነሱ ነው፤ ልግመቱን የጨመርከው አንተ ነህ። ካርቶን ከፍቶ ማየት ስንት ብር ያስወጣል? በአንድ ትምህርት ቤት ካርቶን ሲከፈት ቆሜ አይቻለሁ። የግብር አከፋፈል መመሪያ ወጣ። የበረዶ ላይ መንሸራተቻ አመራረጥ ወጣ። ሁሉም ተጠርጎ ሦስተኛ ክፍል መደርደሪያ ላይ ወጣ። የሦስተኛ ክፍል ልጅ ምን ግብር አለበት?

እስቲ ከካርቶንህ አንዱን አንሣና የታተመበትን ዓመትና አገር እይ። የድሮ የአሜሪካ መጽሐፍ ከሆነ ይህን ስማ። እ.ኤ.አ. በ1965 ናንሲ ላሪክ የምትባል አሜሪካዊት በሦስት ዓመት ውስጥ የታተሙ 5,206 የልጆች መጻሕፍትን ቆጥራ ነበር። ጥቁር ሰው ብቅ ያለባቸው 6.7 በመቶዎቹ ብቻ ናቸው። እዚያው አገራቸው ውስጥ፣ ጥቁር ልጆች አጠገባቸው ተቀምጠው! እነሱ ቆጥረው ደነገጡ። አንተ ሳትቆጥር ፈርመህ ተረከብክ።

«ልጅ ቀለም አይለይም፤ ይህን የምታመጡት እናንተ ናችሁ» አልክ። ቀለም ካልለየ ትምህርት ቤት ምን ይሠራል? ቀለም ይቁጠር ብለህ አይደል የላክከው? ከለር ስጠውና «ራስህን ሣል» በለው። ጸጉሩን ቢጫ ቀብቶ ቢያመጣልህ ማን አሳየው ልትል ነው? ሦስት መቶ ገጽ ገልጦ የራሱን ገጽ አንድም ጊዜ አላገኘማ!

ናይጄሪያዊቷ ደራሲ ቺማማንዳ አዲቺ እ.ኤ.አ. በ2009 ባደረገችው ንግግር ይህንኑ ስለ ራሷ ተናግራለች። በሰባት ዓመቷ መጻፍ ስትጀምር ሰዎቿ በሙሉ ነጮች፣ ዓይናቸው ሰማያዊ፣ በበረዶ ሲጫወቱ የሚውሉ፣ ፖም የሚበሉ ነበሩ። እሷ ናይጄሪያ ተቀምጣ፣ ማንጎ እየበላች! የምታነበው የእንግሊዝና የአሜሪካ መጽሐፍ ነበርና። የኛዎቹስ? «ኤ ፎር አፕል» ብለው ሲጮኹ የሰፈሩ ቆርቆሮ ይነቃነቃል፤ አፕሉን ግን ብዙዎቹ የሚያውቁት በሱፐርማርኬት መስታወት በኩል ነው። በረዶም ቢሆን የኛ ልጅ የሚያውቀው በክረምት ጣሪያውን ሲደበድበው ነው። ከበረዶ ሰው ሠርተው ካሮት አፍንጫ ያደርጉለታል ብትለው ይስቅብሃል። እኛ ቤት ካሮት የሚገባው አልጫው ውስጥ ነው።

አሁን ደግሞ ተነሣህ፦ «እንግዲያው የውጭውን በሙሉ አውጥተን እንጣለዋ!» ያዙልኝ ይህን ሰው! ማን ጣል አለህ? ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ የተባሉ አሜሪካዊት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1990 የልጅን መጽሐፍ በመስታወትና በመስኮት መስለውታል። በመስታወቱ ልጁ ራሱን ያያል፤ በመስኮቱ ሌላውን ያያል። አንተ እስከ ዛሬ መስታወት የሌለው ቤት ሠርተህ ኖርክ። ዛሬ ደግሞ መስኮቱን ልትደፍን ጭቃ ታቦካለህ። መስታወትም በ«መስ» ይጀምራል፣ መስኮትም በ«መስ» ይጀምራል፤ አንተን ያስቸገረህ መስማት ነው።

«በቃ የኛን ብቻ እንግዛ!» የኛ? የኛ የማን ነው? ይህ አገር ከ80 በላይ ቋንቋ ያለው ነው። ለኔ መስታወት የሆነው አማርኛ ለጅግጅጋው ልጅ መስኮት ነው። እሱ ራሱን የሚያይበት በሶማልኛ የተጻፈው ነው፤ የሐዋሳዋ ልጅ ደግሞ በሲዳምኛ። አንተ «የኛ» ያልካቸውን አየኋቸው። ሁሉም ደጋ ነው። ሁሉም ጋቢ ለብሷል። የአፋሯ ልጅ ግመሏን ፈልጋ ፈልጋ መጽሐፉ አለቀባት። የአዲስ አበባውም ቢሆን አልቀናውም፤ ገጹ ሁሉ እረኛና ጥጃ ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያደገ ልጅ ጥጃውን በሊፍት ያውርደው? ሊፍቱስ መቼ ይሠራል?

«የአባቶቻችን ተረት ምን ይወጣለታል?» አልክ። እኔም ተረት ወዳጅ ነኝ፤ አያቴ ጭን ሥር ያደግኩ ነኝ። ግን ከተረቱ ውስጥ ተነቅሶ መውጣት ያለበት አለ! አንጥረኛው ማታ ማታ ጅብ የሚሆንበትን ተረት አሳትመህ ታነብላቸዋለህ፤ ሦስተኛው ዴስክ ላይ የቀጥቃጭ ልጅ ቁጭ ብሏል። ክፍሉ ሁሉ ዞሮ ሲያየው አላየህም? አያትህ ማረሻውን ከየት አመጡት? መሬቱን በጥርሳቸው ነው ያረሱት? ጀበናህን የሠራችው ሸክላ ሠሪ ናት። በጀበናዋ ሦስት ስኒ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥተህ ልጇን ቡዳ የሚል መጽሐፍ ትገዛለህ! እፍረት በየትኛው ስኒ ነው የሚቀዳልህ?

ዓይነ ስውሩንም አየሁት። ገጽ አምስት ላይ ለማኝ ነው፣ ገጽ ሰባት ላይ አታላይ። መምህር ሆኖ፣ ጠበቃ ሆኖ፣ ወይ ደግሞ ተራ የሚቀልድ አጎት ሆኖ አይመጣም? ልጅቷንማ ተዋት! ገጽ ሦስት ላይ እንስራዋን ተሸክማ ወደ ወንዝ ወረደች። ወንድሟ አንበሳ ገደለ። ንጉሡ ሸለመው። ሠርግ ተደገሰ። መጽሐፉ አለቀ። ልጅቷ እስካሁን ከወንዝ አልተመለሰችም!

«እሺ፣ ታዲያ ከየት ይምጣ?» አልክ። አሁን ገና ጥያቄ ጠየቅክ። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነበር። በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ፈለገ፤ አጣ። አጣሁ ብሎ በረዶ ያለበትን አልደረደረም! የቂሉን ማሞን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን አሳተመ። ከዚያ አገሩ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። ሐዋሳ ላይ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ ጭኖ ልጆቹ ወዳሉበት ወሰደ። አህያዋ እንኳ መጽሐፍ ይዛ ደርሳለች። አንተ ገና «ምን ያማርጣል» ላይ ቆመሃል።

ዛሬማ ምክንያትህ ሁሉ አልቋል። አፍሪካን ስቶሪቡክ የተባለው የደቡብ አፍሪካ ድረ ገጽ በብዙ የአፍሪካ ቋንቋዎች የተጻፉ የልጆች ታሪኮችን በነጻ አውርደህ እንድታትም ፈቅዷል። ፈተና የምታባዛበት ማተሚያ አለህ አይደል? ልጅ ሲያስፈራ የኖረ ማሽን አንድ ቀን ልጅ ያስቅ።

«ማን ቁጭ ብሎ ሁሉን ያነባል?» ይኸውላችሁ፣ የመጨረሻው ጥይት! የልጅ መጽሐፍ 24 ገጽ ነው፤ ግማሹ ሥዕል። የኮሚቴህ ቃለ ጉባኤ ይረዝማል። ቡናው እስኪፈላ ሁለት መጽሐፍ ትጨርሳለህ። ካላመንከኝ አምስት ልጆች ጥራና አጠገብህ አስቀምጥ፤ የቀጥቃጩን ልጅ፣ ከጅግጅጋ የመጣችውን፣ ባለ ክራንቹን አትርሳ። ጮክ ብለህ አንብብላቸው። የትኛው ላይ እንደሚጠጉህና የትኛው ላይ መስኮቱን ማየት እንደሚጀምሩ ያኔ ታያለህ።

ና፣ ቁጭ በል። ካርቶኑ ይኸው፣ ምላጩም ይኸው። የመጀመሪያውን አንተ ክፈተው። ስትገልጥም ያቺን ልጅ ፈልግልኝ፤ ከወንዝ ተመልሳ እንደሆነ።