ለልጁ ተብሎ

ዴንቨርና ኦሮራ የሚኖረው አበሻ ክረምት ሲገባ ለሁለት ይከፈላል። ገሚሱ በረዶ ሲጥል መጋረጃውን ዘግቶ ቡና ያፈላል፤ ገሚሱ ደግሞ «እዚህ አገር ከኖርን አይቀር» ብሎ ተራራ ይወጣል። የመጀመሪያዎቹን ምንም አልላቸውም፤ ብልሆች ናቸው። ሁለተኞቹም ቢሆኑ ብቻቸውን እስከወጡ ድረስ የሚያገባኝ ነገር የለም። ነገር የሚበላሸው ሲወልዱ ነው፤ በተለይ ልጁ ድክ ድክ ማለት ሲጀምር። ያኔ አባት ሆዬ ሲመኘው የኖረውን ነገር ሁሉ «ለልጁ ነው» ማለት ይጀምራል።

ባለፈው ክረምት አንድ እንዲህ ያለ ወዳጄን ከነባለቤቱና ሁለት ዓመት ካልሞላው ልጃቸው ጋር ቢቨር ክሪክ ድረስ አጅቤው ነበር። ቢቨር ክሪክ ኮሎራዶ ውስጥ ያለ የሀብታም ተራራ ነው። የፈረንጆቹ ታኅሣሥ ሲጠባ የዓለም ዋንጫ የበረዶ ሸርተቴ ውድድር ይደረግበታል፤ ያውም ዳውንሂል የሚባለው፣ ከሁሉም ፈጣኑ። አየሩ ከፈቀደ ማለቴ ነው። በ2023 የተዘጋጁት ውድድሮች በሙሉ በነፋስና በበረዶ ምክንያት ተሰርዘዋል። የበረዶ ውድድር በረዶ በዛ ተብሎ ሲቀር በዓለም ላይ ሌላ ምን ይታመናል? ይሁን እንጂ መመልከቻው በነጻ ነው፤ በነጻ ሲሆን ደግሞ ወዳጄን የሚያቆመው የለም።

ውድድሩ ረፋድ ላይ ስለሚጀምር ከዴንቨር በሌሊት መነሳት ግድ ነው። መንገዱ ከ160 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ቅዳሜ ጠዋት አይ-70 አውራ ጎዳና ላይ ደግሞ ኪሎ ሜትር ምንም አይነግርህም፤ ያለው መኪና ሁሉ ተራራ ወጪ ነው። የአይዘንሃወር ዋሻ ከባሕር ወለል በላይ 3,400 ሜትር ግድም ላይ ነው፤ ከእንጦጦ አናት ይበልጣል ማለት ነው። እዚያ ስንደርስ የልጁ ጆሮ ተደፈነና አገር ይያዝልኝ አለ።

«አንተ፣ ልጁን ጆሮውን አመመው እኮ!» አለች እናት።

«ከፍታው ነው፤ ይለምደዋል» አለ አባት፣ በመስታወት ወደ ኋላ እያየ። «ጎበዝ! ትልቁን ዋሻ እያለፍን እኮ ነው!»

ጎበዙ ዋሻውን በጩኸት አለፈው።

ማልበሱን ልንገራችሁ፤ የዕለቱ ዋና ውድድር እሱ ነበርና። መጀመሪያ የውስጥ ልብስ፣ በላዩ ሹራብ፣ በላዩ የበረዶ ቱታ፣ ኮፍያ፣ ጓንት፣ ቦት ጫማ፤ በዚህ ሁሉ ላይ እናት ከአዲስ አበባ የመጣ ጋቢ ደረበችበት። ልጁ እንደ ችቦ ታስሮ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆመ። መታጠፍ አይችልም፤ ቢወድቅም የሚያነሳው ይፈልጋል። የመጨረሻው ዚፕ ተዘግቶ ሁላችንም እፎይ ስንል ፊቱ ተኮሳተረ፣ ዓይኑ ሩቅ ተተከለ። ወላጅ የሆነ ሁሉ ይህን ፊት ያውቀዋል። ዳይፐሩ ሥራ ጀምሯል። ያ ሁሉ ልብስ በመጣበት ቅደም ተከተል ወደ ኋላ ወለቀ፤ ተመልሶ ሲለበስ አንደኛው ጓንት አልተገኘም።

እኔ በበኩሌ አባትን ነበር የምታዘበው። የልጁን ብርድ ችላ ብሎ ስለ ልጁ የወደፊት ዕጣ ያወራል። የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪዋ ሚካኤላ ሺፍሪን የተወለደችው እዚሁ ጎረቤት ቬይል ነው፤ ገና በሕፃንነቷ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ሸርተቴ አጥልቀውላት ነበር፤ ይኸው በ2025 መቶኛ የዓለም ዋንጫ ድሏን አገኘች። «ከሕፃንነት መጀመር አለበት» ይላል። የሺፍሪን አባትና እናት ራሳቸው ሸርተቴ ተወዳዳሪዎች እንደነበሩ ግን አያነሳም። እሱ የሚያውቀው ቁልቁለት ከጉለሌ ወደ መርካቶ የሚወርደውን ነው፤ እሱንም በታክሲ። ሮቤል ተክለማርያምንም ጠቀሰልኝ፤ በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ቫንኩቨር በክረምት ኦሎምፒክ ብቻውን የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ የገባውን። ሮቤል የተወዳደረው በአገር አቋራጭ ሸርተቴ ነው፤ ሳንባና ጉልበት የሚጠይቅ፣ ለእኛ ወግ የቀረበ ነገር። ከገደል አናት ራስን መወርወር ሌላ ሙያ ነው። ይህን ብነግረው «አንተ ሁልጊዜ ነገር ታቀዘቅዛለህ» አለኝ። ከዜሮ በታች ቆመን!

መንደሩ ውስጥ ሰውን ወደ ተራራው ሥር የሚያወጣ ተንቀሳቃሽ ደረጃ አለ። ልጁ እሱን ባየ ጊዜ በሕይወቱ የፈለገውን አገኘ። ወጣን። «ደግመን!» አለ። ወርደን ደግመን ወጣን። «ደግመን!» የዓለም ዋንጫ ሊጀመር ጥቂት ቀርቶታል፣ ድምፅ ማጉያው ይጮኻል፣ ሰው በቃጭል ያደነቁራል፤ እኛ ሦስት ዐዋቂዎች ግን በየተራ ኤስካሌተር እንሳፈራለን። ሐቁን ለመናገር፣ ከዚያ በኋላ ካየነው ሁሉ የተሻለው እሱ ነበር።

የዳውንሂል ጉዱ ምን መሰላችሁ? አይታይም። መስመሩ በርድስ ኦቭ ፕሬይ ይባላል፤ የነደፈው በ1972 የሳፖሮ ኦሎምፒክ በዚሁ ስፖርት ወርቅ የወሰደው ስዊዘርላንዳዊ በርንሃርድ ሩሲ ነው። ከላይ እስከ ታች ከ700 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ተወዳዳሪዎቹ ይህን ሁሉ አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ግድም ይጨርሱታል። ከታች ቆመህ በዓይንህ የምታየው የመጨረሻዋን ቁራጭ ብቻ ነው፤ ከጉብታው ጀርባ ብቅ ይላል፣ አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ ሽው ይላል፣ አለቀ። የቀረውን የምታየው በተተከለው ግዙፍ ስክሪን ነው። በሌሊት ተነስተን፣ ዋሻ አቋርጠን፣ ሕፃን አስለቅሰን የመጣነው ቴሌቪዥን ለማየት ነው፤ ያውም ሶፋ የሌለው።

በዚያ ላይ ውድድሩ የሚለየው በሰከንድ መቶኛ ነው። ሰውየው ወርዶ ቁጥሩ በአረንጓዴ ከበራ ሰዉ ያብዳል፤ በቀይ ከበራ ያዝናል። የአረንጓዴውና የቀዩ ልዩነት ዓይን ጨፍኖ እስከመግለጥ እንኳ አይደርስም፤ በዓይኑ ለይቶ ያየው ደግሞ አንድም ሰው የለም። ሁላችንም ሰዓቱ በነገረን መሠረት ነው የተደነቅነው። ልጁን ግን ሰዓት አያታልለውም። አንደኛው ወረደ፣ ሁለተኛው ወረደ፣ ሦስተኛው ወረደ፤ ለእሱ አንድ ባለ ሄልሜት ሰውዬ ነው ደጋግሞ የሚመጣው። ስለዚህ ፊቱን አዞረ። ከኋላችን ግዙፍ የበረዶ መዳመጫ ማሽን ቆሞ ነበር፤ ሞተሩ ጠፍቷል፣ ሰው የለበትም፣ አይንቀሳቀስም። ልጁ እሱን በተመስጦ ያይ ጀመር።

«ወዲህ! ወዲህ እይ! መጣ፣ መጣ!» ይላል አባት ጭንቅላቱን እያዞረ። ልጁ ሲዞር ሰውየው አልፏል። ልጁ ተመልሶ ወደ ማሽኑ። «መጣ!» አልፏል። እንዲህ እንዲህ እያሉ አንድም ሰው ሳያይ የልጁ አንገት ብቻ ስፖርት ሠራ።

ከዚያ ላይኛው ተራራ ጭጋግ ለበሰና ውድድሩ ለጊዜው ቆመ። ለተወዳዳሪው ይህ የሞት የሽረት ነገር ነው፤ የመሬቱን ወጣ ገባ ካልለየ በዚያ ፍጥነት አጥንቱ አይተርፍም። ለተመልካች ደግሞ የትኩስ ነገር ሰዓት ነው። ወሩ ኅዳር፣ ጾመ ነቢያት ገብቷል። እናት ጿሚ ናት፤ በቴርሞስ ያመጣችውን አጥሚት ለልጁ ቀድታ እሷ ሻይዋን ያዘች። አባት ግን ወተት ያለበት ትኩስ ቸኮሌት ገዝቶ መጣ። «ለልጁ ነው» አለ። ልጁ አንድ ጊዜ ቀምሶ ተፋው። አባት «እንዳይባክን» ብሎ ጨረሰው፤ ጢሙ ላይ የቀረውን አረፋ ባለቤቱ አየች፣ ዝም አለች።

ጭጋጉ ሲገፈፍ፣ ስሙን ሁሉ የሚያውቀው ሰውዬ ሊወርድ ሲል፣ ቃጭሉ ሁሉ አብሮ ሲንጫጫ፣ ልጁ አባቱ ትከሻ ላይ ለሽ ብሎ ተኛ። ጩኸቱም አልቀሰቀሰውም። አባት ደግሞ እንዳይነቃበት መጮኽ ፈራ። ለዓመታት ሲጠብቀው የኖረውን ሰዓት ከንፈሩን ነክሶ፣ በሹክሹክታ «በል! በል!» እያለ አሳለፈው።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቢቨር ክሪክ ለእንግዳው ሁሉ ትኩስ ኩኪስ በነጻ ያድላል፤ የቆየ ልማዳቸው ነው። እናትም ደስ አላት። ሽታው ሲደርሳት ግን ቅቤ መሆኑ ገባት። ልጁ ነቅቶ በየእጁ አንዳንድ ያዘ። እውነተኛ ደስታ ፊቱ ላይ ያየሁት ያኔ ነው፤ ለኩኪስ ደግሞ ኦሮራ ያለው ሱቅ ይበቃ ነበር።

«ትዝታ ይሆነዋል» አለኝ አባት ስንመለስ። ሰው ሦስት ዓመት ሳይሞላው የሆነበትን ነገር ብዙውን ጊዜ አያስታውስም። እኔ አሁንም ነገር እንዳላቀዘቅዝ ዝም አልኩ። ትዝታው የሚሠራው በስልክ ነው፤ ልጁ ሲያድግ ፎቶው ይታይለትና «ያኔ እዚያ ነበርክ» ይባላል፤ እሱም ያምናል። መንገዱ ተዘጋግቶ ማታ ቤት ስንደርስ በመኪና ጠግቦ የተኛው ልጅ ነቅቶ ጨዋታ ጀመረ፤ ወላጆቹ ሶፋው ላይ ተዘረሩ። አባት ግን ከመዘረሩ በፊት «የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ!» ብሎ ፎቶውን ለጠፈ። «ያድግልህ»፣ «ጀግና ይሁን»፣ «ሮቤልን ይተካ» የሚል ምርቃት ወዲያው ጎረፈ።

አያት ፎቶውን ያየችው እሁድ አዲስ አበባ ከቅዳሴ ስትመለስ ነው። ዴንቨር እኩለ ሌሊት፤ ልጁ ገና መተኛቱ። ስልኩ ጮኸ።

«ሩጫ ልናሳየው ወስደነው ነው፣ እማዬ» አለች እናት በእንቅልፍ ልቧ።

«የምን ሩጫ? ጀርባውን ሰጥቶ አይደል እንዴ የቆመው! ለመሆኑ አንደኛው ጓንቱስ የታለ?»