ሥዕሉ ይግባ፣ ሰዓሊው ይቆይ

ሰሞኑን «ትብብር» የሚባል ቃል የፌርፋክስን ጎዳና ይዞ ቁልቁል ወደ እኛ እየወረደ ነው። የሚነሣው ከዊልሸር ጎዳና ነው፤ የሎስ አንጀለስ ካውንቲ የሥነ ጥበብ ሙዚየም 202 አሮጌ የመንገድ መብራቶችን አሰልፎ ካቆመበት ግድም። ከዚያ ተነሥቶ የኦሎምፒክን ጎዳና ተሻግሮ ትንሿ ኢትዮጵያ ለመድረስ በእግር ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ከተማው ሰፈራችንን በዚህ ስም የጠራው በፈረንጆቹ 2002 ስለሆነ ትብብሩ መንገድ ላይ ትንሽ ዘግይቷል። ፓርኪንግ አጥቶ ይሆናል።

እኔም የደረሰኝን ሹመት ልመስክር። ስሙን የማልጠራው አንድ የኤግዚቢሽን አዳራሽ «ዓለም አቀፍ የትብብር ዐውደ ርእይ» ሲያዘጋጅ የማኅበረሰብ አማካሪ አደረገኝ። ሹመቱ ደመወዝ የለውም፤ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ካርድ ግን አለው።

ፈረንጅ ኪዩሬተር የሚለውን ከእኛ የሥነ ጥበብ ሰዎች አንዳንዶቹ አጋፋሪ ይሉታል። ቃሉን የመረጠው ሰው ይባረክ። አጋፋሪ ድሮ በግብር ቀን በር ላይ ቆሞ ማን እንደሚገባ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ደጅ እንደሚጠና የሚለይ ሹም ነበር። የዛሬው ዱላውን በኢሜይል ለወጠ እንጂ ሥራው ያው ነው። እንዲያውም የድሮው ሳይሻል አይቀርም፤ ደጅ የቀረውን ሰው «አብረን እያስተናገድን ነው» ብሎት አያውቅም።

አጋፋሪያችን ለጥናት ራሳቸው ፌርፋክስ ድረስ መጡ። በያይነቱ አዘዙ። በሦስት ጣት ሊጎርሱ ሲታገሉ ሽሮው ማስታወሻ ደብተራቸው ላይ ተንጠባጠበ። «ማኅበረሰብ ለእናንተ ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁን። አንዱ ጓደኛችን «ዕቁብ» አላቸው። ጻፉት። ሒሳቡ ሳይመጣ የዐውደ ርእዩ ርእስ ተገኘ፦ «ሰምና ወርቅ»። ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል? ቅኔ ቤት ያረጁ መምህራን እያሰላሰሉ የሚፈቱትን እሳቸው በአንድ በያይነቱ ፈቱት። ወርቁ የትኛው እንደሆነ አልነገሩንም፤ ሰሙ ግን እኛ ሳንሆን አንቀርም፣ መቅለጡን ጀምረን ነበር።

አራት ጊዜ ተሰበሰብን። ገና በመጀመሪያው ቀን የሰዓሊዎቹ ዝርዝር፣ የመክፈቻው ቀንና የግድግዳው ቀለም ተወስኖ ጠበቀን። ያልተወሰነው ቡናው ነበር። በቡናው ላይ አራቱንም ስብሰባ እንደ ልባችን ተከራከርን፤ ማንም አልከለከለንም።

አሁን ከዝርዝሩ ውስጥ ስላለ አንድ ሰዓሊ ልንገራችሁ። ሰውየው አዲስ አበባ ነው ያለው። መጀመሪያ በእኛው አገር ቢሮ ተሰልፎ፣ አምና ሠርቶ የጨረሰው ሥዕል ቅርስ አለመሆኑን የሚያስረዳ ባለማኅተም ደብዳቤ አወጣ። ሥዕሉ ደብዳቤውን ይዞ በልኩ በተሠራለት ሣጥን ገባ፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ኢንሹራንስ ተገባለት፤ አጃቢ ተመደበለት፤ አጃቢው አበልና ሆቴል አለው። አዳራሹ ሲደርስም ሣጥኑ ወዲያው አይከፈትም። የአገሩን አየር እንዲለምድ 24 ሰዓት ይተዉታል። መንገደኛ ነውና ይረፍ።

ሰዓሊው ደግሞ 185 ዶላር ከፍሎ ኤምባሲ መስኮት ፊት ቆመ። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 214 (ለ) ቪዛ ጠያቂው ተቃራኒውን እስኪያስረዳ ድረስ «ሊቀር ነው የመጣው» ብሎ ይነሣል። ሰዓሊው ማስረዳት አልቻለም። ቤት የለውም፣ ሚስት የለችውም፣ ያለው ሥዕል ነው፤ እሱም ቀድሞት ሎስ አንጀለስ ገብቷል።

ደስ የሚለው ነገር፣ ቪዛውን የሚሰጠውም የሚነሣውም የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሌላም ሥራ አለው። በ1965 በወጣ ሕግ፣ አንድ ሙዚየም አስቀድሞ ካመለከተ፣ ለትርፍ ላልሆነ ዐውደ ርእይ በውሰት የሚገባን የሥነ ጥበብ ሥራ ማንኛውም ፍርድ ቤት እንዳይዘው ከለላ ይሰጣል፤ ሥራው ባህላዊ ፋይዳ እንዳለው፣ መታየቱም ለአገር እንደሚጠቅም በመንግሥት ጋዜጣ ያውጃል። ሸራው ለአሜሪካ ይጠቅማል ማለት ነው። የቀባው እጅ ነው የሚያሠጋው። ሰዓሊዎቻችን ምክር ቢሰሙኝ፣ ራሳቸውን በሚስማር ፍሬም ላይ መትተው «ድብልቅ ቁስ፣ 1 ሜትር ከ75» ብለው ይመዝገቡ።

ይህን ስል ትብብር የሚባል ነገር ከነጭራሹ የለም ማለቴ አይደለም። በ2009 እዚሁ ሳንታ ሞኒካ የሥነ ጥበብ ሙዚየም የኢትዮጵያዊውን የሥነ ጥበብ ሰው የኤልያስ ስሜን ሥራዎች ሲያሳይ፣ አጋፋሪዎቹ መስከረም አሰግድና የቲያትር አዘጋጁ ፒተር ሴላርስ ነበሩ። መስከረም ቡና ልታፈላ አልተጠራችም፤ የኤልያስን ሥራ በቅርብ የምታውቅ ሰው ስለሆነች ነው ሥራዎቹን የመረጠችው። በዚያው ዓመት ሴላርስ ለሎስ አንጀለስ ፊልሃርሞኒክ ያዘጋጀው የስትራቪንስኪ «ኤዲፐስ» ዙፋኖችም የኤልያስ እጅ ሥራ ናቸው። አጋፋሪያችን ይህን ሳነሣባቸው «እሱ ልዩ ሁኔታ ነው» አሉ። ልክ ናቸው። ኤልያስ ዙፋን ሠራ፤ ለእኛ በርጩማ ተመደበልን።

በመክፈቻው ዕለት በበርጩማው ላይ የተቀመጠችው የሰፈራችን ቡና አፍይ ናት፤ ሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ከሰልና ዕጣኗን፣ ጀበናና ረከቦቷን በራሷ መኪና ጭና መጣች። የአዳራሹ ሰዎች በትሕትና ተቀበሏት። ከሰል ግን አይቻልም፤ እሳት ነው። ዕጣኑም ይቅር፤ የጭስ ደወሉን ያስነሣል። ቄጠማው ውስጥ ነፍሳት ሊኖሩ ይችላሉና ለሥዕሎቹ ጤና ሲባል ውጭ ቀረ፤ በምትኩ አረንጓዴ የፕላስቲክ ሣር ተነጠፈ። ጀበናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ተጣደ። ቡናው ከመፍላቱ በፊት ንግግር ተጀመረና «ሥነ ሥርዓቱ ድምፅ ስለሚያሰማ» ምድጃው ተነቀለ። አቦል የለ፣ ቶና የለ፣ በረካ የለ።

ሰዓሊው በዙም ቀረበ። አዲስ አበባ ሌሊት ነበር። «ትሰሙኛላችሁ…» ሲል ምስሉ ቆመ፤ አፉ እንደተከፈተ ግድግዳው ላይ ቀረ። ሕዝቡ አጨበጨበ። አንዲት ወይዘሮ የቪዲዮ ሥራው መስሏቸው ርእሱን ጠየቁኝ።

በዚህ መሐል አንዱ የአዳራሹ ሠራተኛ ረከቦቱ መሬት ላይ መሆኑ ከብዶት ነጭ ማቆሚያ ላይ አወጣው። ሌላው መጣና ማቆሚያው ባዶ እንዳይመስል ጽሑፍ ለጠፈበት። ቀረብ ብዬ አነበብኩት፦ «እንጨት፣ ሸክላ፣ ማኅበረሰብ። በውሰት።» ከሥር የቡና አፍይዋ ስም አለ፤ ሁለት ፊደል ጎድሎታል። ልትወስድ ብትነሣ ጥበቃው ክንዷን ያዘ፤ ዕቃው እስከ መስከረም መጨረሻ ከቦታው አይነሣም አላት።

ባዶ እጃችንን ወጣን። የመኪናዋ መስተዋት ላይ የፓርኪንግ ቅጣት ተሰክቷል። ታርጋዋ ላይ አንድም ፊደል አልጎደለም።