በደመና ሥር ለሚማሩ የቀራንዮ ልጆች የወጣ አዋጅ

ስማ! የሰማህ ላልሰማ፣ ኔትወርክ ያለህ ለሌለው አሰማ!

እኛ ቀራንዮ መድኃኔዓለም አካባቢ ተቀምጠን ክላውድ ኮምፒውቲንግ የምንማር፣ በፈረንጆቹ 2012 «ክዊክላብስ» ተብሎ የተወለደው መማሪያ በ2016 ጉግል ገዝቶት ኋላ «ጉግል ክላውድ ስኪልስ ቡስት»፣ በ2025 ደግሞ «ጉግል ስኪልስ» ስለተባለ፤ ይህ ሁሉ ስም ሲወጣለት እኛ ለክርስትናው እንኳ ስላልተጠራን፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፤ ትርጓሜ

«ደመና» ማለት ኬፕታውን ወይም ጆሃንስበርግ የተቀመጠ የሌላ ሰው ኮምፒዩተር ነው። የኬፕታውኑን አማዞን በ2020፣ የጆሃንስበርጉን ጉግል በ2024 ከፍተዋል። ቀራንዮ ሰማይ ላይ የሚታየው ሌላ ነው፤ እሱ ያለ ምዝገባ፣ ያለ ዶላር ካርድ፣ ክረምቱን ሙሉ በነፃ ይቀርባል። ጠባዩ ግን አይጣል ነው። ይኼኛው ማጉረምረም ሲጀምር መብራት ይሄድና ያኛው ይጠፋል።

አንቀጽ 2፤ ስለ ሰዓት ቆጣሪ

ከእንግዲህ የማንኛውም መማሪያ የላብ (የተግባር ልምምድ) ሰዓት መብራት ሲጠፋ ይቆማል። እስከ ዛሬ ሲቆም አልታየም፤ ሲያልቅም የተሠራው ሰርቨር ተጠራርጎ ይሄድና ተማሪው እንደገና ከ«ሀ» ይጀምራል። መብራት ሲመጣ ሰፈሩ በሙሉ «መጣ!» ብሎ ሲጮኽ ዝም የሚል ልጅ ካያችሁ የደመና ተማሪ ነው፤ ሁለት ደቂቃ ነው የቀረችው። ስለሆነም የአንድ ላብ ዕድሜ ቡናው ከመቆላቱ እስከ በረካ እንዲሆን ተወስኗል።

አንቀጽ 3፤ ስለ እናቶች

አንዲት እናት «ልጄ ደመና ይማራል» ብትል ጎረቤቷ «እንግዲያው ጠይቂልኝማ፣ ዛሬ ስጥ ላስጣ?» አለቻት። ከእንግዲህ ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ መልስ የመስጠት ግዴታ የመማሪያው ባለቤት ነው፤ ስሙን በለወጠ ቁጥር ለእናቶች በአካል ቀርቦ ያስረዳል።

አንቀጽ 4፤ ስለ ቻርጀር

በሐምሌ 2016 (ይኼኛው 2016 የኛው ነው) በተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ሰርተፍኬት የወሰደ ሁሉ ፓወር ባንኩን ለደመና ተማሪ ያውሳል። «ቻርጅ የለውም» ማለት ያስቀጣል።

አንቀጽ 5፤ ስለ ተሻሩ ሕጎች

«ለእናንተ ምቾት ስንል አሻሽለናል» የሚል ማንኛውም ኢሜይል በዚህ አዋጅ ተሽሯል።

አዋጁ መብራት ከመጣበት ደቂቃ ጀምሮ የጸና ይሆናል።

ቀራንዮ፣ ነሐሴ፤ በሻማ ተጻፈ።