ኢንጂነሪንግ ነው በሉ

ሆሳዕና ውስጥ «እገሌ ሊሄድ ነው» ከተባለ ወዴት ብሎ የሚጠይቅ የለም። መሄድ ማለት ሳውዝ ነው። የሀዲያውም የከምባታውም ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲተም፣ ከዚያ በሚላክ ገንዘብ ፎቅ ሲቆም፣ ሚስት ሲታጭ እያየን ኖረናል። ስለዚህ የጎረቤቴ ልጅ አሜሪካ ሊሄድ ነው ሲባል ሰፈሩን ያሳሰበው መንገዱ ብቻ ነበር።

«በሳውዝ አድርጎ ነው?»

«ኧረ ከቦሌ ቀጥታ! በትምህርት ነው።»

«አቤት መታደል! ምን ሊማር ነው ታዲያ?»

እናትየዋ እዚህ ላይ ስኒ ማጠብ ትጀምራለች። ልጁ የሚሄደው ሥዕል ሊማር ነዋ! መጀመሪያ ሰሞን እውነቱን ተናግራ ነበር። አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ ነገሩን ረጋ ብለው አሰቡበትና፣ «የጸጉር ቤታችንን ግድግዳ የሣለው ልጅ አሜሪካ ደርሶ መጥቷል እንዴ?» አሏት። ከዚያ ወዲህ «ዲዛይን» ማለት ጀመረች።

«ዲዛይን» ከደጇ ወጥቶ ወፍጮ ቤት ሲደርስ «ዲዛይን ኢንጂነሪንግ» ሆነ። አቢዮ ኤርሳሞ ስታዲየም አካባቢ «የሕንፃ ኢንጂነር» ተባለ። መናኸሪያ ሲደርስ ልጁ ተመልሶ መንገድ ሊያሠራልን ከመንግሥት ጋር ተፈራርሞ ነበር። እኔ ራሴ ገበያ ላይ ስለየትኛው መንገድ እንደሆነ ተጠይቄ፣ ምን ልበል፣ በኛ ሰፈር በኩል የሚያልፈውን ነው አልኩ።

ይህ ነገር የእኛ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ፤ የዘር ሐረግ አለው። አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ ሲላክ የማዕድን ኢንጂነሪንግ እንዲማር ነበር። ለንደን ላይ ሴንትራል የሚባለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ፤ ከዚያ ስሌድ ገባ፤ ሠዓሊ ሆኖ ቁጭ አለ። አዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለውን 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት ያየ ሰው ግን አይቆጭም፤ ማዕድን ከተባለ መስታወትም ያው ከአሸዋ ነው የሚሠራው፤ የላከው መንግሥት ብዙም አልተበላም። ሙላቱ አስታጥቄም ወደ ዌልስ ሲሸኝ ኢንጂነር ሊሆን ነበር። እሱ ደግሞ በለንደን ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ አልፎ ቦስተን በርክሊ ገባ፤ እዚያ የተማረ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ ተባለ፤ ኢትዮ ጃዝን ይዞልን መጣ። እንግዲህ አገራችን ኢንጂነር ብላ ትሸኛለች፤ አውሮፕላኑ ውስጥ ምን እንደሚያቀምሷቸው ግን እግዚአብሔር ይወቀው።

አፈወርቅ ሲናገር እንደኖረው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ተማሪዎቹን ሲሸኙ ስትመለሱ ስለ ፎቁ ርዝመትና ስለ መንገዱ ስፋት እንዳታወሩልን፣ አገር የምትሠሩበት እውቀት ይዛችሁ ኑ ብለዋቸዋል። የእኛ ሰፈር ምክር ተቃራኒ ነው። ልጁ ገና ፓስፖርት ሳያወጣ፣ «እንደደረስክ ፎቁን በቪዲዮ አሳየን» ያላለው የለም። እውቀቱን ማንም አላዘዘውም።

የአሜሪካው ትምህርት ቤትም አልተኛም። በየሳምንቱ ኢሜይል ይልካል። ልጁ ቡና ላይ ይተረጉምልናል፤ እኛ ውሳኔ እንሰጣለን። ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚቀበለው ሰው እንደሚላክ ሲነግረን «ስልኩን ውሰድ፣ ሰውየው ባለትዳር መሆኑን አጣራ» ተባለ። አድቫይዘር እንደሚመደብለት ሲናገር አንዱ አጎቱ ተቀየሙ፤ «እኛ ሞተናል?» አሉ። ተማሪው ሲጨንቀው በነጻ የሚያነጋግረው የካውንስሊንግ ባለሙያ አለ ሲባል ግን ቤቱ ጸጥ አለ። እናትየዋ ወደ ልጁ ጠጋ ብላ፣ «ስለ ጭንቅላትህ የጻፍክላቸው ነገር አለ?» አለችው በሹክሹክታ። ሹክሹክታዋ ከበሩ ውጭ ይሰማል።

ከሁሉ ያከራከረን ግን «ራይቲንግ ሴንተር» የሚሉት ነው። ሥዕል የሚማር ሰው ጽሑፍ የሚያግዙት ለምንድነው? ልጁ አስረዳ፤ ሠዓሊ ምን እንደሣለና ለምን እንደሣለ በጽሑፍ ያብራራል፤ ሌሎቹ ስለ ሥዕሉ ሲናገሩም ተከትሎ መልስ ይሰጣል። «ለምን እንደሣለ የሚጻፍ ከሆነማ መሣሉ ምን ያደርጋል?» ብለው የሰፈራችን ጡረተኛ መምህር ደመደሙ። ይህን ጥያቄ ትልልቆቹ ሠዓሊዎችም እስካሁን እንዳልጨረሱት ሰምቻለሁ፤ መምህሩ ግን ሁለተኛው ቡና ሳይፈላ ጨረሱት።

የቋንቋው ነገር ደግሞ አለ። ልጁ ሀዲይሳ በቤት፣ አማርኛ በሰፈር፣ እንግሊዝኛ በደብተር ይዞ ያደገ ነው። ትምህርት ቤቱ የላከው ቅጽ ላይ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ከዝርዝር ምረጥ ይላል። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ወርዶ፣ ወጥቶ፣ ሀዲይሳን አጣው። መጨረሻ ላይ «ሌላ» የሚል አገኘና እሱን ነካ። እናትየዋ ከትከሻው በላይ ሆና ታይ ነበር። «ሌላ የምን አገር ቋንቋ ነው?» አለች፤ «በል ቶሎ ተማረው፤ ፈተና ይኖረዋል።»

ቪዛው ጋ ስንደርስ ግን እውነተኛ እርዳታ ታየ። የአሜሪካ የተማሪ ቪዛ ከመጠየቁ በፊት ሴቪስ የሚባል ክፍያ አለ፤ 350 ዶላር። የከፈለው ጆበርግ ሱቅ ያለው ሌላው አጎት ነው። ስልክ ተደወለለትና ነገሩ ተነገረው። «ሥዕል?» አለ። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ኔትወርክ ተቋረጠ ብለን ሁላችን «ሄሎ! ሄሎ!» እንላለን። ኔትወርኩ ደህና ነው፤ ሰውየው ነው የተቋረጠው። ኋላ «ቁጥሩን ላኩልኝ» አለ፤ ከፈለ፤ እስከ ዛሬም ስለ ሥዕሉ አንድ ቃል አልጠየቀም። ለደንበኞቹ ምን ብሎ እንደነገረ ከዚያ የሚመጡ ሰዎች አውርተውልናል፤ «የወንድሜ ልጅ አሜሪካ ድልድይ ይሠራል።»

ለኢንተርቪው ልምምድ ሰፈሩ ቆንስላ ሆነ። ኤፍ ዋን የሚባለው ቪዛ ተምሮ ወደ አገሩ ለሚመለስ ነው፤ ዋናው ጥያቄም እሱ ነው። ቅቤ ነጋዴዋ ጎረቤታችን ነጠላዋን አጣፍታ ቆንስል ሆነች፤ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ኮስተር አለች። «ትምህርትህን ስትጨርስ ትመለሳለህ?» ስትለው ልጁ አፉን ሳይከፍት ቤቱ በአንድ ድምፅ «ኧረ አይመለስም!» አለ። ቆንስሏም ጭምር። አዲስ አበባ ኤምባሲው በር ድረስ ማንም እንዳይሸኘው የተወሰነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሻንጣው። እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች ተፈቅደዋል። ይህን ቁጥር ሰፈራችን ሲሰማ የከተማ ቦታ እንደተመራ ሰው ነበር የተሻማበት። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡላ፣ ዳታ፣ የተነጠረ ቅቤ መጣ። ቋንጣ መጣ። ልጁ ሥጋ በአሜሪካ ጉምሩክ አያልፍም ቢል፣ ያመጣችው ሴትዮ «የኔን ቋንጣ ሳይቀምሱት እንዴት አወቁ?» ብላ አለቀሰች። ቆጮ እንኳ ደርቆ ለመሄድ ሞክሯል። ሻንጣው በቅቤ ነጋዴዋ ሚዛን ላይ ወጣ፤ ከኪሎው አለፈ። ምን ይውጣ ተብሎ ሲፈተሽ ከታች ቀለምና ብሩሽ ተገኘ። «ይኸውላችሁ!» አለች ቆንስሏ፣ ሌባ እንደያዘች ሁሉ።

ልጁ ሥዕሎቹን ጠቅልሎ ለብቻ አስቀምጦ ነበር፤ ፖርትፎሊዮ ይለዋል። ጠዋት ሲፈልገው አጣው። እናቱ ሌሊቱን ሙሉ ስትደክም አድራ የቅቤውን ብልቃጥ፣ የዳታውን ብልቃጥ አንድ በአንድ እንዳይሰበር ጠቅልላለታለች። ወረቀቱ ወፍራም፣ ጥሩ ወረቀት እንደነበር መስክራለች። ዳታው በሰላም ደርሷል።

አሜሪካኖቹ እንግዳ ተማሪ የሚቀበል ቢሮ አቋቁመው በጀት ይመድባሉ። እኛ ያለ በጀት ነው የምንሠራው። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ከተማችን በ2004 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህ ከየክልሉ ልጆች ይመጡልናል፤ ዱራሜም ካምፓስ ስላለው ከምባታዎቹ ድርሻቸውን ያገኛሉ። መናኸሪያ ላይ ሻንጣ ይዞ ግራ ቀኝ የሚያይ ልጅ ከተገኘ አለቀለት። የማን ልጅ እንደሆነ፣ ሃይማኖቱ ምን እንደሆነ፣ እጮኛ እንዳለው ባጃጅ ውስጥ ሳለ ይጣራል። ከዚያ ቆጮ ይቀርብለታል። አስቀርበን እኛ አንበላም፤ አፉን ነው የምናየው። ሲጎርስ ስናይ፣ ሲያኝክ ስናይ፣ ሲውጥ ስናይ ያ ምስኪን «በጣም ይጣፍጣል» ከማለት ሌላ ምን መውጫ አለው? ይህን ካለ ደግሞ ይጨመርለታል።

የሀዲያ ዘመን መለወጫ ያሆዴ ሲደርስ ግቢ ውስጥ የቀረ ተማሪ ከተገኘ እንደ ጠፋ ከብት ተፈልጎ ወደየቤቱ ይነዳል። አንዱን እኔ ይዤ ነበር፤ ከሰሜን የመጣ፣ ቀጭን፣ ጨዋ ልጅ። የበዓሉ ምግብ አተካና በቅቤ ተጥለቅልቆ ሲቀርብለት ነገ ፈተና አለኝ አለ። ፈተና ያለበት ሰው ባዶ ሆዱን ይቀመጣል እንዴ ብለን አበላነው። ሁለተኛ ዙር አበላነው። ዘመድ መጣና ከዘመዱም ጋር በላ። ፈተናው እንዴት እንደሆነ ኋላ ስጠይቀው «አልተኛሁም፣ ግን አልነቃሁም» አለኝ። የትምህርት ድጋፋችን ይህን ይመስላል።

ወደ ልጃችን ልመለስ። ደረሰ፤ ፎቁን አሳየን፤ ፎቁ ተደነቀ። ከዚያ አንድ ቀን በቪዲዮ ክፍሉን አሳየን። ተማሪው ሁሉ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ሥዕል ፊት ቆሟል፤ ሥዕሉ የልጁ ነው፤ ሰው በየተራ እጁን ወደ ሥዕሉ እያወናጨፈ ይናገራል። እናትየዋ ምን እያሉ እንደሆነ ጠየቀች።

«ጉድለቱን እየነገሩኝ ነው፤ ክሪቲክ ይባላል» አላት።

«ሰው በተሰበሰበበት?»

«እንድማር ነው፣ እማ።»

«ያቺ ነጭ ጸጉር ያላት ማናት? እሷ ናት ብዙ የምታወራው።»

«መምህሬ ናት።»

እናትየዋ ስልኩን ለሌላ ሰው አቀብላ ወጣች። ሥዕሉ ላይ ያለችው ራሷ መሆኗን አላየችም፤ እኛ ነን ያየነው። እንሰት ስትፍቅ፣ እግሯን ዘርግታ። እግሯ ትንሽ ሰፍቷል፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ብቻ ነው የሰፋው። ለጊዜው ላንነግራት ተስማማን፤ እንደተስማማን ማታውኑ ነገሯት። ስልኩ እንደገና ተደወለ። አሁን ጥያቄዋ ሌላ ነበር፤ ባለ ነጭ ጸጉሯ ሴትዮ ስለ እግሩ ምን አለች?

«እግሩን ወዳዋለች» አለ ልጁ። «ጀርባው ላይ ያለው ቀለም ነው ያልጣማት።»

«የኔ ጀርባ?»

«የሥዕሉ ጀርባ፣ እማ።»

ይህን ማብራሪያ አልተቀበለችም። ሰፈሩም አልተቀበለም። ልጅ በሰው አገር በመምህር ጥርስ ውስጥ ከገባ ሽማግሌ መላክ አለበት፤ ሽማግሌ ደግሞ ቪዛ የለውም። ስለዚህ ለመምህርቷ ቅቤ እንዲላክ ተወሰነ። ከከተማችን ወደዚያ አገር የሚሄድ ሰው ተገኝቷል፤ ለኛ ሁለት ኪሎ ቦታ ሰጥቷል። ልጁ መምህር ጉቦ አይበላም ብሎ ቢጮህ የሚሰማው የለም፤ ቅቤ ጉቦ ሆኖ አያውቅም። አሁን ያልተግባባነው ይነጠርላት ወይስ ለጋው ይሂድ በሚለው ነው። ቆንስሏ ኮረሪማና ኮሰረት ያልገባበት ቅቤ ከቤቴ አይወጣም ብላለች። እኔ ለጋው ይሻላል ባይ ነኝ፤ ሴትዮዋ በዚያ ዕድሜዋ ጸጉሯንም ብትቀባው አይጎዳትም።