የወርዲ አድናቂ በመተማ ቆላ፤ የጠባይና የትከሻ ጥናት

በሞት ስለተለዩ ጊታሪስቶችና ስለ አድናቂዎቻቸው በሌላው ዓለም ብዙ ቀለም ፈስሷል። ጂሚ ሄንድሪክስ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 18 ቀን 1970 በ27 ዓመቱ ለንደን ውስጥ ካረፈ ወዲህ፣ ግራኝ እንደነበረና የቀኝ እጅ ጊታር ገልብጦ ይመታ እንደነበር ሳያነሳ ወሬውን የሚጨርስ አድናቂ አልተገኘም። አንዲት ክር ነክተው የማያውቁት ደግሞ በበለጠ እርግጠኝነት ይናገሩታል። ከጎንደር ተነስቶ በአይከልና በገንዳ ውኃ በኩል እስከ መተማ ዮሐንስ የሚወርደው ቆላ ግን ከዚህ ምርምር ተዘሎ ቆይቷል። ይህ ጽሑፍ የተሰናዳው፣ በአገራችን የመመረቂያ ጽሑፍ ወግ መሠረት፣ ክፍተቱን ለመሙላት ነው።

መተማ ድረስ ሮክና ብሉዝ ፍለጋ የሚወርድ ተመራማሪ ከመናኸሪያው ሳይወጣ ርእሱን መለወጡ አይቀርም። ከባጃጁም ከሻይ ቤቱም የሚሰማው የሱዳን ዘፈን ነው። ከሱዳኖቹም መካከል ሞቶም ቦታውን ያልለቀቀው መሐመድ ወርዲ ነው። ወርዲ ጊታር ሳይሆን ዑድ አቅፎ ይዘፍን የነበረ ሰው ነው፤ ጥናቱ ይህን ልዩነት ቴክኒካዊ ብሎ አልፎታል።

ወርዲ እ.ኤ.አ. በ1932 በሰሜን ሱዳን፣ በኑቢያ ምድር ሰዋርዳ በምትባል መንደር ተወለደ፤ በአስተማሪነት ሠራ፤ በ1957 ድምፁ በኦምዱርማን ሬዲዮ ተሰማ፤ ከ1989ኙ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ በስደት ኖሮ በ2002 ተመለሰ፤ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2012 ካርቱም ውስጥ አረፈ። አድናቂው ከዚህ ሁሉ በደንብ የሚያውቀው የመጨረሻውን ነው፤ እሱንም ቢሆን በሙሉ ልቡ አልተቀበለውም። ወርዲን የሚያነሳው ትናንት ከድንበሩ ማዶ ገላባት አድሮ ዛሬ ድልድዩን ይሻገራል ተብሎ እንደሚጠበቅ ሰው አድርጎ ነው።

የፍቅሩን መነሻ በተመለከተ ሁለት ምክንያቶች ጎልተው ወጥተዋል። አንዱ ቅኝቱ ነው። የካይሮ ዘፈን ለሐበሻ ጆሮ በማይጨበጥ ሩብ ድምፅ ሲንሸራተት፣ የሱዳኑ እንደ እኛው በአምስት ድምፅ ይሄዳል፤ የኑቢያው ታምቡርም የክራር የቅርብ ዘመድ ነው። ሁለተኛው የሬዲዮ ሞገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 የተፈረመውን የድንበር ውል ተከትሎ ሜጀር ቻርልስ ግዊን የተባለ የእንግሊዝ ጦር መኮንን በ1903 የኢትዮጵያንና የሱዳንን መስመር ሲያካልል፣ ለማሳ፣ ለከብትና ለግብር የሚሆን ድንበር አበጅቶ ሄደ፤ ለዘፈን የሚሆን ግን አላበጀም። በ1940 የኦምዱርማን ሬዲዮ ሥራ ሲጀምር የሚያግደው አልነበረም። አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ በቆሰሉባት ከተማ፣ የደርቡሽ የልጅ ልጆች ካሴት ያለ አንዳች ተኩስ ገብቶ መቀመጡን የታሪክ ሰዎች በዝምታ ያለፉት ይመስላል።

አሁን ወደ ዋናው ምልከታ። የወርዲ ዘፈን በመሣሪያ ይጀምራል፤ ቫዮሊኑ፣ አኮርዲዮኑ፣ ቦንጎው እየተቀባበሉ ይጫወታሉ፤ መግቢያው አይቸኩልም። ነገሩ ያልገባው እንግዳ በዚህ መሐል ሻይ ያዛል፣ የሰሊጥ ዋጋ ይጠይቃል። አድናቂው ዓይኑን ጨፍኗል። «ቆይ አንተ፣ አሁን ይገባል» ይላል። ወርዲ አይገባም። ቫዮሊኑ ዞሮ ይመለሳል፤ አድናቂው አሁንም «አሁን» ይላል፤ ወርዲ አሁንም አይገባም። አንድን ዘፈን ዕድሜውን ሙሉ የሰማ ሰው ዘፋኙ የሚገባበትን ቦታ መሳቱ የእውቀት ማነስ ሊመስል ይችላል። ጥናቱ ግን ይህን የአክብሮት ዓይነት አድርጎ መዝግቦታል፤ ትልቅ ሰው በተባለበት ሰዓት አይመጣምና።

ድምፁ ሲገባ ቀኝ እጅ ይነሳል። ሱዳናዊ ወንድ፣ ዘፋኝ ሲያከብር፣ ክንዱን ወደ ላይ ዘርግቶ ጣቱን ያስጮሃል፤ የመተማው አድናቂ ይህን አሳምሮ ተምሮታል። ችግሩ ያለው ከክንዱ በታች ነው። ምቱ ሲሞቅ ትከሻው ማንም ሳያዘው እስክስታ ይጀምራል። እጁ ገዳሪፍ፣ ትከሻው ጎንደር የሆነው ይህ ገላ ለድንበር ኮሚሽን ቢቀርብ፣ መስመሩ ብብት አካባቢ ያልፋል ተብሎ ይገመታል። የሁለቱ መንግሥታት የመሬት ክርክር እልባት አላገኘም፤ እዚህኛው ወሰን ላይ ግን ከላብ በቀር የተመዘገበ ችግር የለም።

እንደ ማንኛውም እምነት ይህም መናፍቃን አሉት። በዕድሜ የገፉት እ.ኤ.አ. በ2001 ያረፈውን ሰይድ ኸሊፋን ያስቀድማሉ፤ «ማምቦ ሱዳኒ» ከተከፈተ ክርክሩን አሸነፍን ብለው ይነሳሉ። ወጣቶቹ የመሐሙድ አብዱልአዚዝ ናቸው። ጃንዋሪ 17 ቀን 2013 ዮርዳኖስ ውስጥ ሲያርፍ፣ አስከሬኑን ሊቀበሉ የወጡ አድናቂዎቹ የካርቱምን አውሮፕላን ማረፊያ ማኮብኮቢያ ወርረውታል። የወርዲ ወገን ይህን በማስረጃነት አይቀበልም። የራሱ ማስረጃ አለው፤ ወርዲ በ1990 ጋምቤላ ኢታንግ ወርዶ ለደቡብ ሱዳን ስደተኞች ዘፍኗል፤ በ1994 አዲስ አበባ ላይ ያቀረበው ኮንሰርትም ተቀርጾ በአልበም ወጥቷል። «አዲስ አበባው ላይ ነበርክ?» ሲባል አድናቂው አይዋሽም። እሱ አልነበረም፤ ታላቅ ወንድሙ ነበር። ሁሉም ታላቅ ወንድም አላቸው።

የቀረው የቋንቋ ነገር ነው። የመተማ ገበያ አረብኛ ዋጋ ለመከራከር፣ ሰላምታ ለመለዋወጥና ለመማል ይበቃል፤ ለግጥም አይበቃም። ያም ሆኖ አድናቂው ግጥሙን ሳይረዳ በትክክለኛው ቦታ ያዝናል። ስለ ስደተኛዋ ወፍ የሚያወሳው የሳላህ አህመድ ኢብራሂም ግጥም ሲዘፈን አገር የናፈቀ ሰው ፊት ያሳያል፤ ግጥሙም የናፍቆት ነው። ይህን ውጤት የሚያበላሽበት ስለ አረንጓዴው ጥቅምት የተዘፈነው ነው። ዘፈኑ እ.ኤ.አ. በ1964 የጄኔራል ኢብራሂም አቡድን ወታደራዊ አገዛዝ ለጣለው የጥቅምት ሕዝባዊ አመፅ የተበረከተ ነው። አድናቂው ሲሰማው የሚያስባት ሴት አለች። በሰርግም ያስከፍተዋል።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሳ ጉዳዩ ተወሳሰበ። ብዙ ሺህ ሰው በመተማ በኩል ተሰደደ፤ ኩመርና አውላላ ላይ መጠለያ ተሠራ። ከመጡት መካከል ግጥሙን በቃላቸው የሚወጡት፣ ወርዲን መድረክ ላይ ያዩት አይጠፉም። እንዲህ ያለው እንግዳ ሻይ ቤት ተቀምጦ የጥቅምቱ ዘፈን ስለ ሴት ሳይሆን ስለ ወታደርና ስለ አደባባይ መሆኑን ማስረዳት ሲጀምር፣ እውቀቱ በእሱ በኩል እንዳለ ማንም አይክድም። አንድ የአካሄድ ስሕተት ብቻ ይገኝበታል፤ ማስረዳት የሚጀምረው መግቢያው ሳያልቅ ነው። አድናቂው ዓይኑን ሳይገልጥ መዳፉን ያነሳል።

«ቆይ ወንድሜ፣ አሁን ይገባል።»