አያ ገብስ የጠየቀው

ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ አንድ የገበሬ ቤት ቡና ሊፈላ ነው። ከደንቆሮ ጫካ በኩል የሚነፍሰው ብርድ በሩን ያንኳኳል። ቄጠማው ተጎዝጉዟል። ሰፌዱ ላይ የገብስ ቆሎ፣ ረከቦቱ ላይ ስኳር፣ ብረት ምጣዱ ላይ ጥሬ ቡና አለ። ቀድሞ የተናገረው ገብስ ነበር።

«እመት ቡኒት፣ ባለቤቱ ትናንት ከነጋዴ ጋር ሲማከር ሰማሁ። ማሳዬን በሙሉ ባሕር ዛፍ ሊተክልበት ነው። አጣናው ይሸጣል፣ እህሉ ከገበያ ይገዛል ተባባሉ። አንቺ አገር ያየሽ ነሽ፤ ደግ ነገር ይሆን?»

ቡኒት ምጣዱ ላይ ተገላበጠች። «የዘመዴን ልንገርህ፣ አያ ገብስ። ቀይ ባሕርን ተሻግራ የመን ገባች። ከዚያ ሆላንዶች ወሰዷት፤ በፈረንጆቹ 1714 አንዲት ችግኟ ለፈረንሳይ ንጉሥ ተበረከተች። ዘሯ ማርቲኒክ ደሴት ሲሻገር መርከቡ ላይ ውኃ አጠረ፤ ይዟት የሄደው መኮንን ከራሱ ድርሻ እየቀነሰ አጠጣት ይባላል። ለፍቅር እንዳይመስልህ። በ1780ዎቹ ዛሬ ሄይቲ የምትባለው የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት የዓለምን ቡና ግማሽ ያህል ታወጣ ነበር። ከአፍሪካ ታስረው የተወሰዱና እዚያው ለባርነት የተወለዱ ወደ 500 ሺህ ሰዎች ነበሩባት።»

«ምን ይበሉ ነበር?»

ገብስ ሁልጊዜ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። እኔም ስለ አንድ አገር ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አላውቅም።

«ሜዳው የሸንኮራ፣ ጋራው የእኔ ሆነ። ለእነሱ የተረፈቻቸው በእሁድ የሚቆፍሯት ቁራጭ መሬት ናት። ሌላው በመርከብ ይመጣል፤ ሌላ ገበያ የናቀው፣ ጨው የበላ ዓሣ።»

ስኳር እስካሁን ዝም ብሎ ነበር። «እኔም ልናገር» አለ። «ሸንኮራ ከተቆረጠ አያድርም፣ ይበላሻል። ስለዚህ መጭመቂያው ሌሊቱን ሙሉ ይሽከረከራል። አገዳውን የምታጎርሰውን ሴት እንቅልፍ ካዳፋት እጇ ከሚሽከረከሩት ግንዶች መካከል ይገባል። ከጎን የተሳለ መጥረቢያ ይቀመጥ ነበር፤ ክንዷን ቆርጦ ነፍሷን ለማትረፍ።»

ፍሙ ብቻ ተንጣጣ።

«በ1791 ተነሡ፣ እርሻውን አቃጠሉት» አለች ቡኒት። «በ1804 ነፃ አገር ሆኑ። በ1825 ፈረንሳይ የጦር መርከቦቿን ልካ፣ ባለርስቶቼ ላጡት 150 ሚሊዮን ፍራንክ ክፈሉ አለቻቸው።»

«ራሳቸውን ጭምር ነዋ ያስከፈሏቸው! በምን ከፈሉ?»

«በእኔ። ሸንኮራው ወድሟል፤ ሌላ ምን የሚሸጥ ነበራቸው? በባርነት የተከሉትን ዛፌን በነፃነታቸው እየለቀሙ ለጌቶቻቸው ከፈሉበት። ዕዳው ልጅ ልጆቻቸው ድረስ ወረደ።»

ይህን ብላ ጠቆረች። ሴትየዋ ምጣዱን አንሥታ ጭሱን በቤቱ ዙሪያ አዞረች፤ ሁሉም በእጁ ወደ ፊቱ ሳበው። ከዚያ ሙቀጫው ጀመረ።

አቦሉ እንደተጠጣ ባለቤቱ ገመድ ይዞ ተነሣ። ማሳውን ሊለካ ነው።

«አንተዬ፣ በረካው ሳይደርስ የት ልትሄድ ነው?» አለችው ሚስቱ፤ ከሰፌዱ እፍኝ ሙሉ ዘግና መዳፉ ላይ አደረገችለት።

ገመዱን በአንድ እጁ እንደያዘ፣ ከበሩ ቆሞ፣ ቆረጠመው።