ኧረ የመጫወቻ ያለህ!

ኧረ ልጆቻችን የት ይጫወቱ? በኮንዶሚኒየሙ ግቢ ኳስ አንዴ ስትነጥር ከአንዱ በረንዳ «እናንተ ልጆች፣ መኪናዬን!» የሚል ጩኸት ይወርዳል። ከሌላው በረንዳ ደግሞ «ሰው አይተኛም እንዴ?» ይባላል። ልጆቹ ኳሳቸውን ታቅፈው ደረጃ ላይ ይቀመጣሉ፤ ጥቂት ቆይተው ወደየቤታቸው ገብተው ስልክ ላይ ያቀረቅራሉ። ማታ እኛው ወላጆች «ይሄ ልጅ ከስልክ አልላቀቅ አለ» ብለን እናማርራለን። ታዲያ ምን ይያዝ?

የብይ ጉድጓድ የሚቆፈርበት አፈር በኮብልስቶን ተሸፍኗል። ሰኞ ማክሰኞ የሚሰመርበት ቦታ መኪና ቆሞበታል። የጨርቅ ኳስ የምናንከባልልበት ሜዳ ታጥሮ ፎቅ ወጥቶበታል። እርግጥ በአዲስ አበባ በየሰፈሩ ሰው ሠራሽ ሣር የለበሱ ሜዳዎች እየተሠሩ ነው፤ እሰየው ያሰኛል። ግን በሰዓት የሚከፈልባቸውም አሉ። የሚያዋጣው ያጣ ልጅ ከሽቦው ውጭ ቆሞ ያያል።

ሜዳው ቢገኝ ጊዜው የለም። ገና ፊደል ያልለየ ሕፃን ከጀርባው የሚበልጥ ቦርሳ አዝሎ ይሄዳል፤ የቤት ሥራ ተሸክሞ ሲመለስ አስጠኚ ይጠብቀዋል። ቅዳሜ ደግሞ ማጠናከሪያ አለ። ጨዋታን ከትምህርት የተሰረቀ ጊዜ አድርገነዋል። ልጅ ግን ተራ መጠበቅን፣ መሸነፍን፣ ተኳርፎ መታረቅን የሚማረው «በቃ፣ አልጫወትም!» ብሎ ሄዶ፣ ትንሽ ቆይቶ ራሱ ሲመለስ ነው። ይህን የትኛውም አስጠኚ አያስጠናውም። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 31 ዕረፍትንና ጨዋታን የልጅ መብት አድርጎ አስቀምጧል፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1991 ተቀብላዋለች። አገር የተቀበለውን መብት እኛ በየግቢያችን «ኳስ መጫወት ክልክል ነው» እያልን በር ላይ እንሽረዋለን።

የእኛ የትልልቆቹ ደግሞ ይብሳል። ጎረቤት ተጠራርቶ ከአቦል እስከ በረካ የሚቀመጥበት ቡና ፔርሙስ ውስጥ ገብቷል። ግድግዳ የምንጋራውን ሰው በቤት ቁጥሩ እንጂ በስሙ አናውቀውም። በየሳይቱ ለለቅሶ፣ ለድግስ፣ ለበግ ማረጃ ተብለው የተሠሩት ኮሙናሎች ስንቶቹ ለሱቅና ለመጋዘን ተከራይተዋል! በበዓል ቀን ከላይኛው ፎቅ ያለው ወዳጃችን በቴሌግራም ሥዕል ይልክልናል፤ እኛም ያንኑ ሥዕል ለሌላው እናስተላልፋለን፤ ደረጃ ወጥቶ በር የሚያንኳኳ የለም። መንገድ ላይ ስንተያይ «እንገናኝ እንጂ!»፣ «እሺ፣ እንደዋወል» ተባብለን ዓመት ያልፋል። ለቅሶ ቤት ስንገጣጠም «ሰው ሲሞት ብቻ መገናኘታችን ምን ይባላል?» ብለን እንተዛዘናለን። ከዚያ በኋላ የምንገናኘው በሚቀጥለው ለቅሶ ነው።

ብቸኝነትን የፈረንጅ አገር በሽታ ነው ብለን ስናወራ ኖረናል። የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2017 ዓ.ም. ያወጣው ሪፖርት ግን ሌላ ይናገራል። በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች 1ዱን ብቸኝነት ያጠቃዋል፤ በዓመት ከ871 ሺህ በላይ ሞትም ከዚሁ ጋር እንደሚያያዝ ተገምቷል። በዝቅተኛ ገቢ አገሮች ብቸኛ ነኝ የሚለው ሰው 24 በመቶ ያህል ሲሆን በሀብታሞቹ 11 በመቶ ገደማ ነው። ብቸኝነት ለልብ ሕመም፣ ለስትሮክ፣ ለስኳር እንደሚያጋልጥም ሪፖርቱ ይዘረዝራል። እኛ ግን እንቅልፍ አጣሁ፣ ሆዴ ባባ፣ ምንም አልጥመኝ አለ እያልን መድኃኒት ቤት እንሰለፋለን።

ሰለቸን! የነዋሪዎች ኮሚቴዎች፣ እባካችሁ ከግቢው አንዷን ጥግ መኪና የማይገባባት አድርጉልን። ኮሙናሉን ከኪራይ አውጡልን፤ ዳማና ገበጣ ይግባበት፣ ቡናም ይፈላበት። ወላጆች፣ ቢያንስ የቅዳሜን ከሰዓት ለልጆቹ እንልቀቅላቸው። ጎረቤቶች፣ ኳስ ብትጮህም እንታገሥ። የምንጠይቀው ቅንጦት አይደለም። ደክሞናል፤ ይህ ድካም ደግሞ ከሰው ጋር ካልተጫወቱ አይወጣም።